በካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆችን ድምፅ መስማትና አብሮ መኖር፦ ለወላጅ ኮሚቴዎችና ለርእሳነ መምህራን የአሠራር መመሪያ

በከተሞቻችን ልጃቸውን ካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች በአብዛኛው ካቶሊክ አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም። ትምህርት ቤቶቻቸው ግን ከአዲግራት እስከ ወላይታ ሶዶ፣ ከሐረር እስከ እምድብር የታወቁና የሚፈለጉ ናቸው። የኦርቶዶክሱ፣ የሙስሊሙ፣ የፕሮቴስታንቱና የካቶሊኩ ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ። ወላጅ ወደዚያ የሚሄደው ሥነ ሥርዓቱን፣ የትምህርቱን ጥራትና የመነኮሳቱን ትጋት አምኖ ነው። አመኔታው የቆየ ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴን በልጅነታቸው ሐረር ካስተማሯቸው መምህራን አንዱ አባ ሳሙኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ካህን ነበሩ።

ችግሩም ከዚሁ አክብሮት ይነሣል። ቅሬታ ያለው ወላጅ ሲስተር ወይም አባ ፊት ቀርቦ መናገር ይከብደዋል። «ያስቸገረዎት ነገር አለ?» ሲባል «ኧረ ምንም የለም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ይወጣል። ከግቢው በር ውጭ፣ ታክሲ ተራ ላይ ግን ሆዱ የያዘውን ሁሉ ያወጣዋል። ሲስተሯ ሰላም ነው ብላ ትተኛለች፤ ወላጁ የሚሰማኝ የለም ብሎ ይከፋዋል፤ በመካከል የሚጎዳው ልጅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ያንን ንግግር መልስ ሊሰጠው ወደሚችል ሰው ለማድረስ የታሰቡ ናቸው። የሚሠራባቸው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት (ወተመኅ) ወይም የወላጅ ኮሚቴ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሆኖ ነው።

1. ማን ምን እንደሚወስን በአንድ ገጽ ይጻፉ

ካቶሊክ ትምህርት ቤት ባለቤት አለው። አንዳንዱ የሀገረ ስብከቱ ነው፤ አንዳንዱ የሲስተሮች፣ የብራዘሮች ወይም የካህናት ማኅበር ያቋቋመውና የሚያስተዳድረው ነው። ርእሰ መምህሩ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዝለት አካል ከበላዩ አለ። ይህን የማያውቅ ወላጅ ርእሰ መምህሩ ሊወስነው በማይችለው ጉዳይ ላይ ሲጨቃጨቅ ዓመቱ ያልቅበታል።

ስለዚህ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ኮሚቴውና ርእሰ መምህሩ ተቀምጠው አንድ ገጽ ያዘጋጁ። የቤት ሥራ መብዛት፣ የመቀመጫ ለውጥ፣ የደብተር እርማት ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ይሄዳል። በመምህር ላይ ያለ ቅሬታ ወደ ዩኒት ሊደሩ (የተወሰኑ ክፍሎች ኃላፊ)፣ ከዚያም ወደ ርእሰ መምህሩ። የክፍያ ጭማሪ፣ ግንባታ፣ የሠራተኛ ቅጥር የባለቤቱ ውሳኔ የሚጠይቁ ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱና የስድስተኛ ክፍል ፈተና የመንግሥት ናቸው፤ በነዚህ ላይ ትምህርት ቤቱ ሊለውጥ የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ይህንኑ በግልጽ ይጻፉት። ከእያንዳንዱ ሥር የሰውየውን ኃላፊነት፣ የሚገኝበትን ቀንና ሰዓት ያስፍሩ። ገጹ በመግቢያው በር ላይ ይለጠፍ፤ በልጆቹ የመገናኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይም ይጣበቅ።

«ወላጅ ምን አገባው?» የሚል የትምህርት ቤት ሰው ካጋጠመ ኮሚቴው በትሕትና የሚያስታውሰው ነገር አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ የሆነው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጆች የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስታውቋል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን (የምዕራባውያን ካቶሊኮች) ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ሕግ ደግሞ በቁጥር 796 መምህራን ከወላጆች ጋር ተቀራርበው እንዲሠሩና በፈቃደኝነት እንዲያዳምጧቸው፣ የወላጆች ማኅበር ወይም ስብሰባም እንዲቋቋምና ትልቅ ዋጋ እንዲሰጠው ያዛል። ወላጅን ማዳመጥ ሲመች የሚደረግ ቸርነት አይደለም ማለት ነው።

2. የልጅ ደኅንነት ጉዳይ የራሱ መንገድ ይኑረው

ይህ ከሁሉም ይቀድማል፤ አስተያየት መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ያለቀ መሆን አለበት። ልጅ ተመታ፣ ተዋረደ፣ ጾታዊ ትንኮሳ ደረሰበት የሚል ጥቆማ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ወር ሙሉ መተኛት የለበትም። ስብሰባ ላይም ለውይይት አይቀርብም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ በካህናትና በመነኮሳት ተፈጸመ የሚባል ጾታዊ ጥቃት የሚጠቆምበት፣ ለሕዝብ ተደራሽ የሆነ ሥርዓት በየሀገረ ስብከቱ እንዲኖር አዝዘዋል።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ጥቆማ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይሰየሙ፤ አንዷ ሴት ትሁን፣ አንዳቸው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ያልሆኑ ይሁኑ። ስልካቸው በር ላይ ይለጠፍ። ከሥሩም «ጥቆማው በርእሰ መምህሩ ላይ ከሆነ ለሀገረ ስብከቱ ወይም ለማኅበሩ አለቃ ያቅርቡ፤ ወንጀል ከሆነ በቀጥታ ለፖሊስ ያመልክቱ» የሚል ይጻፍ። ጉዳዩን በሽምግልና ለመሸፈን የሚመጣ ሰው አይጠፋም። የተከበረ ሰውም ቢሆን፣ የልጅ ጥቃት በሽምግልና አይታይም።

3. ትክክለኛውን ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቁ

ብዙ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ ወረቀት ይበትናሉ። «በትምህርት ቤቱ አገልግሎት ረክተዋል?» የሚል ጥያቄ ይኖረዋል። ወላጁ «በጣም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይመልሳል፤ ልጁ እዚያው ይማራላ! እንዲህ ካለው መልስ ማንም የሚማረው ነገር የለም።

ጥያቄው የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ላይ ያተኩር። አራት ወይም አምስት ይበቃል። እነዚህን መነሻ ማድረግ ይቻላል፦

ልጅዎ የቤት ሥራ ለመጨረስ ማታ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ያለ እርስዎ እርዳታ ይሠራዋል?
ባለፈው ወር ልጅዎ ትምህርት ቤት መሄድ አልፈልግም ያለበት ቀን ነበር? ምክንያቱን ነግሮዎታል?
ለመምህሩ ሊነግሩት ፈልገው የተውት ነገር አለ? ለምን ተዉት?
ከትምህርት ቤቱ የሚላክልዎት ማስታወቂያ ሁልጊዜ ሳይረፍድ ይደርስዎታል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ፈጽሞ አይዝለሉት። «ፈልገው የተውት» የሚለው አነጋገር ለይሉኝታ በር ይከፍታል፤ ወላጁ እየከሰሰ ሳይሆን እየተናዘዘ ያለ ስለሚመስለው በነፃነት ይጽፋል።

ቅጹ ስም አይጠይቅ፤ ክፍሉን ብቻ ይጠይቅ። የክፍል ኃላፊው መምህር ሰብስቦ ካየው ግን ስም ባይኖርም የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ ስለዚህ ቅጾቹ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለኮሚቴው ይድረሱ። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ካርድ በሚሰጥበት ቀን ወላጅ በአካል ስለሚመጣ አጋጣሚው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቅጹን ከካርዱ በፊት ይስጡት። የልጁን ውጤት አይቶ የተናደደ ሰው ስለ ውጤቱ ብቻ ይጽፋል፤ በደረጃው የተደሰተውም «ሁሉም መልካም ነው» ብሎ ያልፋል።

አሁን ደግሞ የሚጠየቀው ሰው። ጠዋት ልጁን የሚያደርሰው፣ ማታ የሚቀበለው ሁልጊዜ አባት ወይም እናት አይደለም። ሞግዚት አለች፤ አያት አሉ፤ ታላቅ እኅት አለች፤ የሰርቪስ ሾፌርና ረዳት አሉ። እነዚህ ሰዎች ቢሮ የተቀመጠው ወላጅ የማያየውን ያያሉ፤ ነገር ግን ወረቀት የሚሰጣቸው የለም፤ ከመካከላቸው ማንበብ የማይችሉም አሉ። ስለዚህ ከኮሚቴው ሁለት እናቶች በሳምንት አንድ ቀን በመውጫ ሰዓት በሩ አጠገብ ቆመው በቃል ይጠይቁ። ጥያቄው ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ቤት ለመሄድ የተዘጋጁ አያትን፦

«እማማ፣ ልጁ ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሰው?»

«የት ባዶ ሆኖ፣ ልጄ! ግማሹን ይዞት ይመጣል። ምነው ሳትጨርስ ስለው ደወል ተደወለ ይላል።»

ተመሳሳይ መልስ ከተደጋገመ ምሳ ሰዓት ላይ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ የእጅ መታጠቢያ ላይ ሦስት ክፍል ሲሰለፍ፣ ትንንሾቹ ወረፋ ጠብቀው ሲደርሱ ሰዓቱ አልፎ ይሆናል። መፍትሔው የአንደኛ ክፍል ልጆችን አሥር ደቂቃ ቀድሞ ማስወጣት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም የእርካታ ቅጽ አያመጣውም።

4. በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በይፋ ይመልሱ

አስተያየት የሰጠ ሰው መልስ ካላየ ዳግመኛ አይሰጥም። በእኔ አስተያየት የመላው አሠራር ሕይወት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መልሱ መቼ እንደሚወጣ ቅጹ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ከአሥራ አምስት ቀን አይለፍ።

ኮሚቴው ቅጾቹን ያነባል፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ያሰባስባል፤ የመምህር ስም የተጠራበትን ለይቶ ለርእሰ መምህሩ ብቻ ይሰጣል። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው እያንዳንዱን ከሦስት ነገሮች በአንዱ ይመድቡታል፦ ተደርጓል፤ በዚህ ቀን ይደረጋል፤ አይደረግም፣ ምክንያቱም። ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ይህን የመሰለ፦

«ወላጆች፦ የሦስተኛ ክፍል የቤት ሥራ በአንድ ቀን ይደራረባል። መልስ፦ ተደርጓል። ከሰኞ ጀምሮ በቀን ከሁለት ትምህርት በላይ የቤት ሥራ አይሰጥም፤ ከበለጠ በመገናኛ ደብተር ላይ ጽፈው ያሳውቁን።»

«ወላጆች፦ የመጸዳጃ ቤቱ በር አይዘጋም። መልስ፦ እስከ ጥቅምት 30 ይጠገናል። ኃላፊው የግቢ አስተዳዳሪው ናቸው።»

«ወላጆች፦ የጠዋቱ ሰልፍ ይቅር። መልስ፦ አይቀርም። ልጆቹ በአንድነት የሚሰበሰቡበትና ማስታወቂያ የሚሰሙበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው። ሆኖም በዝናብ ቀን በየክፍላቸው ይሆናል።»

ብዙ ርእሳነ መምህራን ሦስተኛውን ዓይነት መልስ ይፈሩታል። እኔ ግን ከሁሉም ይበልጥ አመኔታ የሚያተርፈው እሱ ይመስለኛል። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ባይስማማም እንደተሰማ ያውቃል። «እንመለከተዋለን» የሚለው ቃል ግን ከሰሌዳው ላይ ፈጽሞ ይጥፋ።

5. ስብሰባውን በወላጅ ሰዓት ያድርጉት

ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ለብዙው ሰው ይመቻል። እሑድ ቅዳሴ፣ አምልኮ፣ ዕድርና ማኅበር አለ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ የጁምዓ ሰላት አለ። አድቬንቲስት ወላጆች ካሉ ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ በሌላ ቀን ርእሰ መምህሩ ለብቻ ያነጋግሯቸው። ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት የበዓላቱን ቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ፤ ወር በገባ በ12፣ በ19 ወይም በ21 ላይ የሚጠራ ስብሰባ ላይ የሚሳለመው ሰው ይቀራል።

ስብሰባውን የኮሚቴው ሰብሳቢ ይምራ፤ ርእሰ መምህሩ መልስ ሰጪ ሆነው ይቀመጡ። መድረክ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግቶ ሲስተሮቹንና አባን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ሰውን ዝም ያሰኛል። በክፍል ተከፋፍለው በልጆቹ ወንበር ላይ ክብ ሠርተው ለሠላሳ ደቂቃ ይነጋገሩ፤ ከየክፍሉ አንድ ሰው የተባለውን ለሁሉም ያቅርብ። በብዙ ሰው ፊት አፉን የማይከፍት ሰው በስምንት ሰው መካከል ይናገራል። ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን ተነቦ ይፈረም።

የክፍያ ጭማሪ ካለ ለብቻው ስብሰባ ይጠራለት። ከሌላ አጀንዳ ጋር ከገባ ሌላው ሁሉ ይዋጣል። ትምህርት ቤቱ የመምህራን ደመወዝ፣ የጽሕፈት መሣሪያና የጥገና ወጪውን በጥቅሉም ቢሆን በቁጥር ያሳይ። ነፃ ትምህርት የሚያገኙ ችግረኛ ልጆች ካሉ ወጪያቸው ከየት እንደሚሸፈንም ይነገር፤ የልጆቹ ስም ግን በምንም መንገድ አይነሣ።

6. የሃይማኖት ጉዳይ በምዝገባ ቀን ይነገር

«ልጄን ያስማትቡታል ወይ?» «ሒጃብ ይፈቀዳል ወይ?» «የግብረ ገብ ትምህርቱ ስብከት ነው ወይ?» እነዚህ ጥያቄዎች በየቤቱ አሉ፤ በየስብሰባው ግን አይነሡም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ካቶሊካዊ ማንነት አለው፤ መስቀል ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ በጸሎት ይከፈታል። ሁለቱ እንዳይጋጩ ከምዝገባ ቅጹ ጋር አንድ ገጽ ይሰጥ። ለሁሉም ተማሪ የሆነው ምንድን ነው? ለካቶሊክ ልጆች ብቻ የሆነው ምንድን ነው? ጸሎት ላይ ሌሎች ልጆች ምን ያደርጋሉ? በጸጥታ መቆም የሚበቃ ከሆነ እንዲሁ ተብሎ ይጻፍ፤ መምህራንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይወቁት። አንድ መምህር በራሱ ቅንዓት ተነሥቶ ከገጹ ቢያልፍ ወላጁ የሚጠቅሰው ነገር ይኖረዋል።

7. በዓልና ማዕድ

የትምህርት ቤቱ ዋና በዓል ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ የተሰየመበት ቅዱስ የሚታሰብበት ቀን ነው። እዚህ ላይ አስቀድሞ የማያስብ ኮሚቴ ሰውን ሳያውቅ ያስቀይማል። የቅዱስ ዮሴፍን ስም የያዙ ትምህርት ቤቶችን እንመልከት። የላቲን ሥርዓት ክብረ በዓሉ ማርች 19 ነው፤ በእኛ መጋቢት 10። ቀኑ ምንጊዜም ዓቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ረመዳንና ዓቢይ ጾም ተደራርበዋል። እንግዲህ በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ድግስ መዘርጋት ግማሹን ወላጅ ተመልካች ማድረግ ነው። በሌላው ቅዱስ በዶን ቦስኮ ስም የተሰየሙ ትምህርት ቤቶች በዓል በአብዛኛው ጥር 23 ቀን ስለሚውል ከሁዳዴ ይቀድማል፤ ቢሆንም ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ጾመ ነነዌ እንዳይሆን ይታይ።

የምመክረው በዓሉን ለሁለት መክፈል ነው። በዕለቱ ማዕድ የሌለበት መርሐ ግብር ይኑር፤ የልጆች መዝሙርና ድራማ፣ የወላጆችና የመምህራን እግር ኳስ፣ በየክፍሉ የልጆቹ ሥራ ዐውደ ርእይ። ለአካባቢው ችግረኛ አረጋውያን ሳሙና፣ ዱቄትና ዘይት በየክፍሉ ይሰብሰብ። የሚጾም ሰው ሁሉ ምጽዋትን ያውቀዋል፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ካቶሊኩም በራሱ ጾም እንዳለ ሆኖ ይሳተፍበታል። አብሮ የመብላቱ ነገር ከፋሲካና ከኢድ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ ይሁን።

በዚያ ቅዳሜም ሥጋ አይቅረብ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ሁለት ማዕድ መዘርጋት መፍትሔ ይመስላል፤ ልጆቹን ግን ለሁለት ጎን ይከፍላቸዋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቲማቲም ለብለብ፣ ድንችና ሰላጣ ያለበት በያይነቱ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻና ቡና ይጨመር። ዳቦውን ማን ይጋግር? እዚህ ላይ በየክፍሉ ዕጣ ያውጡ እንጂ ሁልጊዜ ካቶሊክ እናቶች ብቻ አስተናጋጅ፣ ሌሎቹ እንግዳ አይሁኑ። ልጁ በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚማር ሙስሊም እናት ጀበናውን ይዛ ካህኑን ቡና ስታጠጣ፣ ግቢው የእርሷም መሆኑን ልጇ ያያል። እንዲህ ያለ ቀን ካለፈ በኋላ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የሚናገሩ ሰዎች ቁጥር ይጨምራል፤ ሰው ቡና አብሮት ለጠጣ ሰው መናገር ይቀለዋል።

መዋጮ በተመለከተ፦ ገንዘብ የማይችል ቤተሰብ በጉልበት፣ በእንጨት፣ በውኃ ማምጣት መሳተፍ እንዲችል ዝርዝሩ ላይ «በሥራ» የሚል ዐምድ ይኑር። ያልከፈለ ሰው ስም አይለጠፍ።

8. የቴሌግራም ቡድን

ማስታወቂያ ለማድረስ ይጠቅማል፤ ቅሬታ ለማስተናገድ ግን አይሆንም። በቡድኑ መግቢያ ላይ ሦስት ደንቦች ይጻፉ፦ የልጅ ስምና ፎቶግራፍ አይለጠፍም፤ የመምህር ስም በክፉ አይነሣም፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አይጻፍም። ቅሬታ የጻፈ ሰው አይወቀስ፤ አስተዳዳሪው «ወደ እገሌ ቢሮ ማክሰኞ ይምጡ» ብሎ በቁጥር 1 ወደ ተዘጋጀው ገጽ ይምራው። አስተዳዳሪዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ከትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ከወላጅ። ስልክ የሌለው ወይም ቴሌግራም የማይጠቀም ወላጅ ስላለ ዋናው መልእክት ሁልጊዜ በመገናኛ ደብተር ይሂድ።

9. ሰኔ ላይ ርክክብ

የኮሚቴ አባላት ልጃቸው ስድስተኛ ክፍል ሲጨርስ ይሄዳሉ፤ መዝገቡም አብሮ ከአንድ ሰው ቤት ይቀራል። ስለዚህ ከዓመቱ መዝጊያ በፊት የቃለ ጉባኤ መዝገቡ፣ የተሰጡት መልሶች ቅጂና የመዋጮው ሒሳብ በርእሰ መምህሩ ፊት ለሚቀጥለው ኮሚቴ ይተላለፍ፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ። ርእሰ መምህሩም ማኅበሩ ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውራቸው ስለሚችል የቅጂው አንድ ጥራዝ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። «በዚህ ቀን ይደረጋል» ተብለው ያልተደረጉት ተለይተው በአንድ ወረቀት ይጻፉ፤ የመስከረም የመጀመሪያው ስብሰባ አንደኛ አጀንዳ እነርሱ ናቸው።